ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ዜሮ

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን ከሌሊት ይጀምራል። እኔ ግን ከላሊበላ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በቅዳሜ ገበያ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ምን ሰርቄ ነው በጨለማ የምወጣው? እናቴ ከገነተ ማርያም ድረስ በእግሯ መጥታ ነበር። አውቶቡሱ እስኪሞላ ገበያው ውስጥ ስንዞር፣ የማንሸምተውን ገብስ ዋጋ ስንጠይቅ፣ የማንገዛውን በግ ጀርባ ስንዳብስ ቆየን። እንባ እንዳይቀድመን ነው እንጂ በግ አምሮን አይደለም።

የምሠራበት ሆቴል ከተዘጋ ዓመት አልፎት ነበር። እዚያ ዘጠኝ ዓመት ወጥ ሠርቻለሁ። ፊደል የቆጠርኩትም እዚያው ነው፤ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሳልገባ፣ ከቢራ ሳጥንና ከእንግዳ መዝገብ ላይ። እንግሊዝኛዬንም ከፈረንጆቹ አፍ እንደ ምስር አንድ አንድ እያልኩ ነው የለቀምኩት። መጀመሪያ በሽታው መጣና እንግዳ ቀረ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ሄደ፣ ተመለሰ። ገደሉን ቁልቁል በሚያየው ሰገነት ላይ ከቁራ በቀር የሚቀመጥ ሲጠፋ ቁልፉን ለባለቤቱ አስረከብኩ። ደቡብ ሱዳን ውስጥ ነዳጅ የሚቆፍሩ ሰዎች ወጥ ሠሪ ይፈልጋሉ ብሎ የነገረኝ የወልዲያ ደላላ ነው። ጎረቤት አገር ነው፣ ባሕር የለው፣ መስመጥ የለው አለኝ። ስለ ቀረው ነገር አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም።

አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል እናቴ የበሶ ቋጠሮዋን በመስኮት አቀበለችኝና ጠጋ ብላ እንዲህ አለች፦

«ርቦሽ ብትመለሽ አበላሻለሁ። አፍረሽ ብትመለሽ እሸፍንሻለሁ። ተመትተሽ፣ ዝም ብለሽ ብትመለሽ ግን ቤቴን እንዳትረግጪው።»

ሳቅሁባት። ወጥ ሠሪን ማን ይመታል?

የመንገዱን ሁሉ ብነግራችሁ ቀን አይበቃም። ጋምቤላ ስደርስ ሙቀቱ እንደ ዱቤ ጠያቂ ከደጅ ተቀበለኝ። ድንበሩ ላይ ያለው ሹም የክትባት ካርዴን ገለባበጠና ቢጫ መሆን አለበት፣ ይህ ነጭ ነው አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከጡቴ ስር ይዤው ስለመጣሁ ላብ አጥቦታል። እንዲያ ብዬ ነገርኩት።

«ካርዱ ከታጠበ ክትባቱስ አለመታጠቡን በምን አውቃለሁ?» አለኝ።

«ክትባቱ ክንዴ ውስጥ ነው። ካላመኑ ቆፍረው ያውጡት።»

ትክ ብሎ አየኝ። «ቆፋሪዎቹ ከፊትሽ ናቸው፣ እለፊ» ብሎ ማኅተሙን መታው። ያን ቀን እንደ ቀልድ ሰማሁት።

ካምፑ በሽቦ የታጠረ ሜዳ ነው። ቤቶቹ መርከብ ላይ የሚጫኑ የብረት ሳጥኖች ናቸው፤ ኮንቴይነር ይሏቸዋል። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲዘንብ ጫማ ይዞ ያስቀራል። የኛ ክረምት ልብስ ያስደርባል፣ የዚያ ክረምት ቆዳ ያስወልቃል። ኪስራ የሚሉት የማሽላ ቂጣ አላቸው፤ ዐይን የሌለው፣ ስስ፣ እንጀራን በወሬ የሰማ ሰው የጋገረው የሚመስል። እንዲያም ሆኖ ወደድኩት። ያልወደድኩት አበላላቸውን ነው። ሁለት መቶ ወንድ ሲበላ አንዱ አንዱን «እንብላ» አይለውም፤ እያንዳንዱ ትሪውን ታቅፎ እንደ ተጣላ ሰው ግድግዳ እያየ ይበላል። እኛ አገር እንዲያ የሚበላ ሰው ወይ ታሟል ወይ ሰው ገድሏል።

በኋላ ሳየው አልፈረድኩባቸውም። ሰዎቹ ከቤታቸው ሳምንታት ርቀው፣ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት እየሠሩ፣ ተተኪ በቀረ ቁጥር ቀኑ እየተጨመረባቸው ነው የሚኖሩት። የቁፋሮው ማሽን አይተኛም፤ እንቅልፋቸውም ያው እንደ ማሽኑ ነው። ተደብቆ የሚገባ መጠጥ አለ። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ የአካባቢው ወጣቶች «መሬታችንን ወስዳችሁ ሥራ ነፈጋችሁን» እያሉ ድንጋይ የሚወረውሩበት ቀን አለ። ያ ሁሉ ንዴት ወደ ታች ነው የሚፈስ። አለቃ ፎርማኑን ይሰድባል፣ ፎርማኑ ሠራተኛውን ይገፋል፣ ሠራተኛው ሳህኑን ወደኛ ይወረውራል። እኛ ማለት ሁለት ሴቶች ነን፤ እኔ ወጥ ቤት፣ አስካለ ልብስ እጥበት። አስካለ እንደኔው የላስታ፣ የኩልመስክ ልጅ ናት፣ እትየ ነው የምትለኝ። እጥበቱ ከካምፑ ጥግ፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ ነው። ብትጮህ ማንም አይሰማትም፤ የበሯ መቀርቀሪያ ደግሞ እኔ ስመጣም የተሰበረ ነበር።

ስለ ደኅንነት ግን የሚወራው! ጠዋት ጠዋት መመገቢያው አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ አለ። ኮፍያችሁን አድርጉ፣ ጫማችሁን እሰሩ፣ ከተንጠለጠለ ብረት ስር አትቁሙ። ግድግዳው ላይ «ያለ አደጋ የሠራንባቸው ቀናት» የሚል ትልቅ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል። የደኅንነት ኃላፊው፣ ሁላችንም ሴፍቲው የምንለው ቀጭን ሰው፣ በየጠዋቱ የትናንቱን ቁጥር በመሐረብ ይጠርግና አንድ ጨምሮ ይጽፋል። ሦስት መቶ ሲሞላ በሬ ይታረዳል፣ ለሁሉም ካናቴራ ይታደላል ተብሏል። ሰዉ ያንን በሬ ገና ሳይገዛ ሥጋውን ተከፋፍሎት ነበር።

ሰሌዳው ሁለት መቶ ሰማንያ ባለበት ቀን የቁፋሮው አለቃ አስካለን መታት።

ቱልፑሸር ይሉታል፤ ቀይ ኮፍያ የሚያደርግ ትልቅ ሰው ነው። ከየት አገር እንደመጣ አልጽፍም፤ የሚመታ እጅ አገር የለውም። ከቀትር በኋላ የሥራ ልብሱን ሊወስድ መጣ፤ ልብሱ ገና እርጥብ ነበር። እኔ የታጠቡ የእጅ ፎጣዎች ልወስድ እየሄድኩ ከበሩ አምስት እርምጃ ስቀር ነው ያየሁት። በያዘው የብሎን መፍቻ፣ ያ የበግ ቅልጥም የሚያህለው፣ ልብስ የያዘ እጇን አንድ ጊዜ መታት። አልጮኸችም። ልብሱን አለቀቀችም። ቀና ብሎ አየኝና በጎኔ አልፎ ሄደ፣ እንደ ማንም መንገደኛ።

የእጇ አንጓ ተሰብሮ ነበር። የካምፑ ነርስ አሰረላት፣ እኔም ይዣት ሴፍቲው ቢሮ ገባሁ። ኮምፒውተሩን ከፈተና ምን እንደሆነች ጠየቀ። ቱልፑሸሩ መታት አልኩት። ስክሪኑን ወደታች ወደላይ አደረገና መንሸራተት አለ፣ መውደቅ አለ፣ መቃጠል አለ፣ የንብ ንድፊያ አለ፣ የእባብ ንድፊያ አለ፤ መምታት የሚል ሳጥን የለም አለኝ።

«ንብና እባብ ካለ ሰው እንዴት አይኖርም?»

«ሰው አደጋ አይደለም። ሰው ባሕርይ ነው። ባሕርይ ሌላ ክፍል ነው የሚያየው፤ እሱም ዋና ከተማ ነው ያለው።»

«እንግዲያ እባብ ብለው ይጻፉ። ቀይ ኮፍያ ያደረገ እባብ።»

አስካለ በዚያ ሁሉ ሕመሟ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ሰሌዳው ወደ ዜሮ ከተመለሰ የሚጠየቀው እሱ ነው። «እርጥብ ወለል ላይ ተንሸራትታ» ብሎ ጻፈ። በማግስቱ አስካለን ቢሮ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጠው በደህና እጇ ወረቀት ቁጠሪ አሏት። እቤት ተኝታ ከዋለች ቀኑ «አደጋ» ይሆናላ። ሰሌዳው ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ አለ።

አሁን የምነግራችሁ የራሳችንን ስሕተት ነው፤ ወሎ ላልተወለደ ሰው የማይገጥም ስሕተት።

በሦስተኛው ቀን አያ ሰይድ መጡ። የውሃ ቦቴ ሾፌር ናቸው፣ የደሴ አካባቢ ሰው፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡ። ሴፍቲው ጠርቶ «በአገራችሁ ጠብ እንዴት ነው የሚበርደው?» ብሎ ጠይቋቸው ኖሯል። እሳቸውም በቅን ልባቸው የምናደርገውን ነግረው፣ ያሉትን ለመፈጸም ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንስተው፣ በትከሻቸው ተሸክመው በራችን ላይ ቆሙ። ነጭ ጢማቸው ላይ ላብ ይወርዳል።

«ልጄ፣ አፉ በይው» አሏት። «ለኔ ስትይ፣ ለዚች ድንጋይ ስትይ።»

እናንተዬ፣ ድንጋይ የተሸከመ ሽማግሌ ደጃችሁ ቆሞ እምቢ ማለት ትችላላችሁ? ከአስካለ ቀድሜ የተነሳሁት እኔ ነኝ። ሮጬ ድንጋዩን ከትከሻቸው አወረድኩ። አስካለም ይቅር ለእግዜር አለች። አያ ሰይድ መረቋት፣ ሦስታችንም አለቀስን፣ ሻይ ጠጣን። በማግስቱ ሴፍቲው አንድ ወረቀት ይዞ መጣና የዕርቁ ነው ፈርሙ አለ። አስካለ በግራ እጇ ፈረመች። እኔም በምስክርነት ፈረምኩ። ያ ሁሉ ዓመት ፊደል ለቅሜ፣ ያን ቀን ሳላነብ ፈረምኩ፤ ዕርቅን የሚያነብ ማን አለ? «ተንሸራትታ ነው፣ ክስ የለኝም» ይል እንደነበር ያወቅሁት ኋላ ነው።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ምሳ ትንሽ ዘግይቶ ነበር፣ ቱልፑሸሩ ምግብ የምናቀብልበት መስኮት ላይ መጣ። ያንኑ መፍቻ ይዞ ባንኮኒውን ኳ፣ ኳ፣ ኳ ያደርጋል።

«የናንተ ሰዎች ይቅርታ አያልቅባቸውም አሉኝ» አለና የሾርባውን ድስት በመፍቻው ጫፍ ወደኔ ገፋው። ወደኋላ ባልል ደረቴ ነበር የሚቃጠለው፤ የነካኝ እግሬን ብቻ ነው። ከኋላው ተሰልፈው የቆሙት አሥር ወንዶች ሁሉ ትሪያቸውን ተመለከቱ።

ያን ዕለት ማታ ለእናቴ ደወልኩ። ሁልጊዜ ደህና ነኝ፣ ሥራው ቀላል ነው ነበር የምላት። ያን ቀን ግን ሁሉንም ነገርኳት፤ የአስካለን እጅ፣ ዕርቁን፣ ሾርባውን። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ድንጋዩን ማን ተሸከመው?»

«አያ ሰይድ።»

«አያ ሰይድ ናቸው እንዴ የመቷት?»

ስልኩ ጆሮዬ ላይ ቀለጠ። ስንት ዕርቅ እያየሁ አደግሁ! አባቴ በሕይወት ሳሉ ሽማግሌ ሆነው ሲቀመጡ ከጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር። በዳይ ራሱ ይሸከማል፣ ጥፋቱን በአፉ ያምናል፣ ይክሳል፣ እንዳይደግም ዋስ ይጠራል። ከዚያ ነው ዕርቅ ደም ያድርቅ የሚባለው። እኛ ግን ከመጨረሻው ጀመርን።

«አላረቋችሁም፤ አስተኟችሁ» አለችኝ እናቴ። «እንግዲህ ያልኩሽን አስታውሽ።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አያ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። እናቴ ያለችውን እንዳለ ነገርኳቸው። ቦቴያቸውን እያጠቡ ነበር፤ ውሃውን ዘጉና ጎማው ላይ ተቀመጡ።

«ወላሂ፣ እኔ ለሰው ብዬ ነው የተሸከምኩት» አሉ። «ለወረቀት መሆኑን ባውቅ ኖሮ ጠጠርም አላነሳ።» ከዚያ ተነስተው ወደኛ በር ሄዱ። ድንጋዩ እዚያው ነበር፤ አስካለ የደጃፍ መቀመጫ አድርጋዋለች።

የጠዋቱ ስብሰባ ሞልቷል። ሴፍቲው የትናንቱን ቁጥር ጠርጎ ሁለት መቶ ዘጠና ሦስት ሊጽፍ ማርከሩን ከፈተ። እኔ ሽርጤን እንዳደረግሁ ከወጥ ቤት ወጣሁ፣ ማርከሩን ከእጁ ተቀበልኩ፤ ሰጠኝ፣ ለምን እንደሰጠኝ እሱም አያውቅም። ሰሌዳው ላይ እንጀራ የሚያህል ዜሮ ጻፍኩ።

ወደ ሰዉ ዞርኩ። ድምፄ የላስታ ድምፅ ነው፣ ከገደል ገደል የሚጠራ። በለቀምኩት እንግሊዝኛዬ፣ አስካለ አልተንሸራተተችም፣ ይህ ቀይ ኮፍያ ያደረገው ሰው መትቷታል፣ እኔ አይቻለሁ፣ ያየሁትን ደብቄ ስለፈረምኩ ደግሞ ይቅርታ የምጠይቀው እሷን ነው አልኩ። የእግሬንም ቁስል ገልጬ አሳየሁ። አያ ሰይድ ከኋላ መጡና ድንጋዩን ከሰሌዳው ስር አስቀመጡ፤ ወደ ቱልፑሸሩም በእጃቸው አመለከቱ።

«ያንተ ነው፤ ና አንሳው» አሉት በአማርኛ። አስተርጓሚ አላስፈለገም።

ቱልፑሸሩ ሳቀ። አብሮት የሳቀ ሰው አልነበረም። ሴፍቲው ዜሮውን ጠረገና ሁለት መቶ ዘጠና ሦስት ብሎ ጻፈ፤ ሦስቱ ግን ተንጋደደ። እኔም ሄጄ ቁርስ አቀረብኩ። ለሁሉም፣ ለቱልፑሸሩም ጭምር። እናቴ እንግዳን ማስራብ አላስተማረችኝም፤ ደግሞም እንዳኮረፍኩ ሳይሆን እንደማልፈራ እንዲያውቅ ፈልጌ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ አዳራሹ ስንገባ ሰሌዳው ላይ ዜሮ ነበር።

ያን ዜሮ እኔ አልጻፍኩትም። አስካለም አልጻፈችውም። ሴፍቲው ጠረገው። በሦስተኛውም ቀን ነበር፤ በሌላ ቀለም፣ በሌላ ሰው እጅ። በአራተኛው ቀን አንድ በያጅ፣ ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ቃል ተናግሮ የማያውቅ፣ በስብሰባው መካከል ተነሳና ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ የጎደለ ጥርሱን አሳየ። «ይሄም ተንሸራቶ ነው የተባለው» አለ። ከኋላ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ ቀጥሎ ሌላው ተነሳ፣ ቀጥሎ ሌላው። አንዱ በስካር የተሰነዘረበትን ቢላ፣ አንዱ በር ላይ ከወጣቶቹ ድንጋይ ጋር ብቻውን የተተወበትን ቀን ተናገረ። ሁሉም በወረቀት ላይ ወይ ተንሸራቷል ወይ ወድቋል። ያን ያህል የሚንሸራተት ሕዝብ አይቼ አላውቅም።

ሳምንት ሳይሞላ የኩባንያው ዋና አለቃ በትንሽ አውሮፕላን መጣ። ትሑት ነው፣ ቁጭ በይ አለኝ። ቅጹ ላይ አዲስ ሳጥን ይገባል፣ የእጥበቱ በር ዛሬውኑ መቀርቀሪያ ይሠራለታል፣ የአስካለ ወረቀት ይስተካከላል፣ እስክትድን ደመወዟ አይቋረጥም አለ። መልካም አልኩ። ቀጥሎ ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ።

«ድንጋዩን ይሸከም። መትቻለሁ ይበል። እናንተም እንዳይደግም ዋስ ሁኑ።»

ይህ በኩባንያው ደንብ ውስጥ የለም አለኝ። ሰውዬው ግን ይዛወራል፣ ከእንግዲህ አታዩትም።

«ወዴት?»

«ወደ ሌላ ካምፕ።»

«እዚያ ልብስ የምታጥብ ሴት አለች?»

ብዕሩን ከፈተ፣ መልሶ ከደነው።

«ስሟን ይንገሩኝ።»

አያውቀውም። እኔም እስካሁን አላወቅሁትም። ይህን የምጽፈው አንድም ለሷ ነው፤ በዚያ አገር፣ በየትኛውም የነዳጅ ካምፕ ለምትሠሩ ልጆቻችን ሁሉ። ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰው ወደ በርሽ ሲመጣ መቀርቀሪያውን እዪ። ብቻሽን አትሥሪ። ቢመታሽ ያየሽን ሰው ስም ያዢ። ወረቀት ቢሰጥሽ አንብቢ፤ ካላነበብሽ የሚያነብልሽ እስኪመጣ ጣትሽን አትስጪ። ሽማግሌ ቢመጣብሽም በክብር አስቀምጪና መጀመሪያ ድንጋዩን የማን ትከሻ እንደተሸከመው ተመልከቺ።

በሬው አልታረደም። ለሁለት ሳምንት ያህል «በሬያችንን በላሽው» እያሉ ያኮረፉኝ ነበሩ፤ እኔም ጨው እያሳነስኩ ብድሬን መለስኩ። አሁን ሰሌዳው ላይ ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ እውነተኛ ነው። ድንጋዩ ከስሩ እንዳለ ነው። ጠራጊው ዙሪያውን ይጠርጋል እንጂ አያነሳውም።

አስካለ እጇ ዳነ፤ ጥቂት ተጣሞ ነው የዳነ፣ ብርድ ሲመጣ ያመኛል ትላለች፣ ከዚያ ይህ አገር ብርድ የለውም ብዬ እቀልድባታለሁ። ውላችን ሊያልቅ ነው። አዲሱ ውል ትራሴ ስር ነው፣ ሦስቴ አንብቤዋለሁ፣ አልፈረምኩም፣ አልቀደድኩትም።

ትናንት እሑድ ከቀትር በኋላ ለእናቴ ደወልኩ። አስካለ አጠገቤ ነበረች፤ ድምፁን ለሁለታችን ከፈትኩት።

«ታረቃችሁ?» አለችኝ ገና ሳልተነፍስ።

«አልታረቅንም እማየ። አልተሸከመም።»

«አንችስ ዝም አልሽ?»

«አላልኩም።»

«እንግዲያ ቤትሽ ቤትሽ ነው» አለች። «መቼ ትመጫለሽ?»

መልሱ ከአፌ ሳይወጣ በስልኩ ውስጥ የሚንጣጣ ድምፅ ገባ፣ መጀመሪያ ጥቂት፣ ከዚያ ብዙ፣ ቆርቆሮ ላይ ባቄላ እንደሚደፋ። አስካለ በተጣመመው እጇ ክንዴን ያዘችኝ።

«በረዶ ነው» አለች። «እትየ፣ በረዶ ጣለ።»

እናቴ ጥጆቹን ላስገባ፣ ልዝጋው እያለች ትጮሃለች። እኛ በዚያ የብረት ሳጥን ውስጥ ላባችን በአገጫችን ይወርዳል።

«አትዝጊው እማየ» አልኳት። «መስኮቱ ላይ አስቀምጪውና ሂጅ። እናዳምጠው።»